ብርድና ረሃብ በዋልታ ባሕር

ትሮምሶ፣ ሰሜን ኖርዌይ፣ ታኅሣሥ

እህቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «በረዶ ውስጥ ያለ ጀርም ትቆጥራለች» ነው የምትለው። ልክ ናት፤ ከዚህ ያጠረ መግለጫ እኔም የለኝም። ሰሞኑን በስልክ ስናወራ ግን አንድ ጥያቄ ጣለችብኝ። «ባሕሩ እየሞቀ ነው ካልሽ ለእነሱ ምን ክፋት አለው? ሙቀት እኮ ያራባቸዋል!» በሁለት ቃል የሚመለስ ስላልነበረ ወሬውን ወደ ልጆቿ ወሰድኩት። ዛሬ ማታ ደብተሬን የከፈትኩት ያን መልስ ቢያንስ ለራሴ ልጽፈው ብዬ ነው።

ግምቷ ከወጥ ቤት የመጣ ነው። እዚህ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም። ቤቴም ብርዳም ነውና የእንጀራ ሊጤን ወደ ማሞቂያው ካላስጠጋሁት አይቦካልኝም። እርሾ ሙቀት ይወዳል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን እርሾውን ዱቄት በሌለበት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ጨምሬ የፈለግሁትን ያህል ባሞቀው ምን ሊቦካ? የዋልታ ባሕር ባክቴሪያ ችግሩ በአብዛኛው የዱቄቱ ነው።

ባክቴሪያውን የሚያዘገየው ብርዱ ነው ወይስ ረሃቡ የሚለው የሳይንቲስቶች ክርክር የተጀመረው ግን ከብርዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሎውረንስ ፖምሮይና ዶን ዲብል ከካናዳ ኒውፋውንድላንድ ጠረፍ ያገኙትን ውጤት አሳተሙ። ውሃው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሳለ ጥቃቅን አልጌዎች (እንደ ተክል በብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ሕያዋን) ብርሃን አግኝተው ባሕሩን ሞልተውታል፤ የአልጌውን ትርፍ መብላት የነበረባቸው ባክቴሪያዎች ግን እጅግ ዘግይተዋል። ከዚህ የተወሰደው ሐሳብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ቅዝቃዜው ባክቴሪያን ስለሚያዘገይ ብዙው አልጌ ሳይበሰብስ ለሌሎች ይተርፋል፤ ወደ ባሕሩ ወለል የሚሰምጠውም እዚያ ያሉትን ትሎችና ዛጎል ለበሶች ይመግባል። ቆየት ብሎ ፖምሮይ ከዊሊያም ዊብ ጋር ሆኖ ነገሩን ይበልጥ አጠራው፤ ቅዝቃዜ ባክቴሪያን የሚጎዳው በተለይ ምግብ ሲያንስ ነው፤ የሟሟ ምግብ በበቂ ካገኘ በቀዝቃዛ ውሃም ደኅና አድርጎ ይባዛል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ዴቪድ ኪርችማንና ባልደረቦቹ ከሁለቱም ዋልታዎች የተሰበሰበውን መረጃ ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲመረምሩ፣ በዚያ ያለው እድገት ዝቅተኛ የሆነበትን ምክንያት ሙቀቱ ብቻውን እንደማያስረዳና የምግብ አቅርቦት ትልቅ ድርሻ እንዳለው ጻፉ። እኔ የዚህ ወገን ነኝ። የምሰጠው ማስረጃ ግን ከወረቀት ሳይሆን ከማየው ነው።

የማየው ይህን ነው። ከኖርዌይ በስተሰሜን ካለው ከባሬንትስ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል የተቀዳው ውሃ በትናንሽ ቱቦ፣ እንዳይበላሽ ኬሚካል ተጨምሮበት ይደርሰኛል። ጥቂት ሚሊ ሊትር ወስጄ ቀዳዳዎቹ 0.2 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር ሺሕኛ ነው) በሆኑ ጥቁር ማጣሪያ ላይ አፈስሳለሁ። ከዲኤንኤ ጋር የሚጣበቅ ቀለም እጨምርበታለሁ። የክፍሉን መብራት አጥፍቼ በማይክሮስኮፑ ስመለከት በጥቁሩ ላይ ሰማያዊ ነጥቦች ይበራሉ። በመስታወቱ ላይ የተሠመረውን አራት ማዕዘን ይዤ አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። ፍሎ ሳይቶሜትር የሚባለው መሣሪያ ይህን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል፤ የሚሰጠኝ ግን ቁጥር እንጂ መልክ አይደለም። መልካቸው ደግሞ ብዙ ይናገራል። ከጨለማው ወራት የመጡት ትንንሽና ክብ ናቸው፤ ተራርቀው ተቀምጠዋል። በግንቦት የተቀዱት ዘንግ የሚመስሉ፣ የተቆለመሙ፣ ለሁለት ሊከፈሉ ወገባቸው የጠበበ ናቸው። አንዲት የሞተች አልጌ ካለች ደግሞ ዙሪያዋን ከበዋት እርስ በርስ ስለሚደራረቡ ቆጠራዬን ያበላሹብኛል። በጨለማው ወራት በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ አልጌው ሲበዛ ወደ ሚሊዮን ይጠጋሉ።

ልብ የሚባለው ነገር በቱቦዎቹ ላይ የተጻፈው የሙቀት ልክ ነው። የባሕር ውሃ የሚረጋው ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በረዶ ሥር ያለው ውሃ በጥርም በግንቦትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ብርዱ ያው ብርድ ነው። በመካከሉ የመጣው ብርሃን ነው፤ ብርሃኑ አልጌ አመጣ፤ አልጌው ስኳርና ፕሮቲን አፈሰሰ፤ እነዚህ ነጥቦችም ወፈሩ።

ይህን ስል ግን ብርዱ ምንም አያደርጋቸውም ማለቴ አይደለም። በረዶው ውስጥ ገብተው የቀሩት የሚያዩትን መከራ ሳስብ እገረማለሁ። ባሕር ሲረጋ ጨው ከበረዶው ጋር አብሮ አይረጋም፤ በበረዶው መካከል በቀጫጭን መተላለፊያዎች ውስጥ እየተጠራቀመ ይቀራል። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲደርስ እዚያ ያለው ውሃ ጨዋማነቱ ከተራው ባሕር አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ባክቴሪያው እዚያው ውስጥ ነው። የሕዋሱ ሽፋን እንዳይደርቅና እንዳይገተር የቅባቱን ዓይነት ይለውጣል። ጨዋማው ውሃ በውስጡ ያለውን ውሃ መጥጦ እንዳያደርቀው ግላይሲን ቤታይን የመሳሰሉ፣ በውሃ የሚሟሙና ሕዋሱን የማይጎዱ ነገሮችን ያከማቻል። በዙሪያው ዝልግልግ ነገር እያመነጨ የሚኖርበትን መተላለፊያ ያለብሰዋል። ከአርክቲክ የባሕር ደለል የተገኘው ኮልዌሊያ የሚባል ባክቴሪያ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ እንኳን ሲዋኝ በማይክሮስኮፕ ታይቷል። (ስሙ የተሰጠው ለሪታ ኮልዌል ክብር ነው፤ የኮሌራን ተሕዋስ በውሃ ውስጥ በማጥናት የታወቁት አሜሪካዊት ሳይንቲስት ናቸው።) ያው ኮልዌሊያ 20 ዲግሪ ላይ ግን አይኖርም፤ ለእኛ ደስ በሚለን አየር እሱ ያልቃል።

ከሁሉም የምወደው ግን በአንታርክቲካ ከሚገኘው ኤስ ከተባለ ጨዋማ ሐይቅ የተገኘውን ማሪኖሞናስ ፕሪሞርየንሲስ ነው። ይህ ባክቴሪያ እስካሁን ከሚታወቁት ፕሮቲኖች እጅግ ግዙፍ ከሆኑት አንዱን ሠርቶ፣ በአንድ ጫፉ ራሱ ይዞት በሌላው ጫፍ በረዶ ላይ ይጣበቃል። በረዶውን የሚፈልገው ለመጠለያ አይመስልም። ኦክስጅንና አልጌ ያለው ከላይ፣ ከበረዶው ሥር ነው፤ ወደ ታች ከሰመጠ ሁለቱንም ያጣል። እዚህም ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ምግብ ይመለሳል።

የበረዶ ናሙና ማቅለጥ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። የበረዶ መሰርሰሪያው ከበረዶው ላይ ረጅም ዓምድ ቆርጦ ያወጣል፤ የታችኛው ጫፍ በአልጌ ቡናማ ሆኗል፤ ያን በመጋዝ ቆርጠን እንወስዳለን። ዝም ብሎ በባልዲ ቢቀልጥ፣ በጨው ብዛት የኖረው ሕዋስ በድንገት ወደ ጨው አልባ ውሃ ስለሚገባ ያብጥና ይፈነዳል። ስለዚህ የተጣራ የባሕር ውሃ ጨምረን በቀዝቃዛ ክፍል፣ በጨለማ፣ ቀስ አድርገን እናቀልጠዋለን። ባሕሩ ላይ በረዶው ፈጥኖ ሲቀልጥ ማንም የተጣራ ውሃ አይጨምርላቸውም።

ወደ እህቴ ጥያቄ ልመለስ። ባክቴሪያ ለተለወጠ ሁኔታ ምላሽ ሰጠ ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። አንደኛው አንዱ ሕዋስ ራሱን የሚያስተካክልበት ነው፤ ከላይ የጻፍኩት ቅባትና ዝልግልግ። ሁለተኛውና ለባሕሩ ዋናው ግን የነዋሪው መለዋወጥ ነው። ኤስ ኤ አር 11 የሚባለው የባክቴሪያ ወገን ትንሽ ነው፤ ጥቂት የዘር መረጃ ብቻ ይዞ በትንሽ ምግብ ዓመቱን ሙሉ ይኖራል። ፖላሪባክተር የሚባለው ሌላው ወገን ደግሞ አልጌው ሲበዛ ድንገት ይነሣል፤ የአልጌውን ረጃጅም ስኳሮች የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች አሉት፤ ምግቡ ሲያልቅ ይመናመናል። ስለዚህ የሚወስነው ምን ዓይነት አልጌ፣ መቼና ምን ያህል መጣ የሚለው ነው። ሙቀቱ በሩን ይከፍት ይሆናል፤ ማን እንደሚገባ የሚወስነው ግን ማዕዱ ነው።

ማዕዱም እየተለወጠ ነው። የአርክቲክ በረዶ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 ወደ 3.4 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ወርዶ ነበር፤ በሳተላይት መለካት ከተጀመረ ወዲህ ዝቅተኛው ነው። በባሬንትስ በኩል ሞቃቱ የአትላንቲክ ውሃ የራሱን ነዋሪዎች ይዞ ወደ ሰሜን እየገፋ ነው። በካናዳ በኩል ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2008 ዊሊያም ሊና ባልደረቦቹ እንዳዩት፣ የበረዶ ቅላጭና የወንዝ ውሃ ከላይ ተኝቶ ለአልጌ ምግብ የሚሆነውን፣ ከታች የሚመጣውን ማዕድን ሲከለክለው ትልልቆቹ አልጌዎች ቀነሱ፤ እጅግ ጥቃቅኖቹ አልጌዎችና ባክቴሪያዎች በዙ። ሳይቤሪያን አቋርጠው የሚመጡት ኦብ፣ ዬኒሴይና ሌና የሚባሉት ወንዞች ደግሞ ከየብስ የተጠረገ ካርቦን ይጨምራሉ። የአርክቲክ ውቅያኖስ ከዓለም የባሕር ውሃ 1 በመቶ ያህሉን ብቻ ይዞ፣ ወደ ባሕር ከሚገባው የወንዝ ውሃ 10 በመቶ ገደማ ይቀበላል። አንድ ባሕር፣ አንድ ሙቀት መጨመር፣ በየአቅጣጫው የተለያየ ውጤት! «አርክቲክ እየሞቀ ባክቴሪያ እየፈላ ነው» የሚል ዜና ባነበብኩ ቁጥር የምበሳጨው ለዚህ ነው።

ታዲያ እህቴ ልክ የምትሆንበት ቦታ አለ? አለ። ሙቀትና ምግብ አብረው ሲመጡ። ያኔ አልጌው ከመስመጡ በፊት ከላይ ይበላል፤ ካርቦኑ በከፊል ተተንፍሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ወለሉ ላይ ለሚጠብቁት ዛጎል ለበሶችና እነሱን ለሚበላው ዋልረስ ለተባለው ትልቅ የባሕር እንስሳ የሚደርሰው ያንሳል። ሙቀቱ ምግብ ሳይዝ ብቻውን ከመጣ ግን ያለቻቸውን ምግብ ቶሎ ያቃጥሏታል እንጂ ብዙ አይባዙም።

አብራኝ የምትሠራው ኖርዌጂያዊት በዚህ አትስማማም። ሙቀቱን አቃልለሻል ትለኛለች፤ በየጊዜው ቡና ላይ ያጨቃጭቀናል። መርከቡ በጥር አዲስ ውሃ ይዞ ሲመለስ በሁለት ሙቀት፣ በ1 እና በ5 ዲግሪ፣ የአልጌ ጭማቂ የተጨመረባቸውንና ያልተጨመረባቸውን ጠርሙሶች ልናስቀምጥ ተስማምተናል። አቀማመጡን ዛሬ በወረቀት ስንነድፍ እሷ ያነሣችው ነገር ግን አሳሰበኝ። በጠርሙሱ ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ብቻቸውን አይደሉም፤ የሚበሏቸው ባለ ጅራፍ ነጠላ ሕዋሳት አሉ፤ ቫይረሶችም አሉ። ሙቀቱ በዪዎቹንም ስለሚያፈጥን፣ ቁጥሩ ባለበት ቢቆይ አልተባዙም ማለት ነው ወይስ የተባዙት ተበሉ? ስለዚህ ግማሹን ውሃ አስቀድመን በ0.8 ማይክሮሜትር ማጣሪያ እናሳልፈዋለን፤ በዪዎቹ ከላይ ይቀራሉ፣ ባክቴሪያዎቹ ያልፋሉ። ቫይረሶቹን በዚህ ማጣሪያ ማስቀረት አይቻልም። የጠርሙሱ ቁጥር በእጥፍ ስለጨመረ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ሌላ መደርደሪያ ማስፈቀድ አለብኝ።