ሃያ ሁለት

ሰሞኑን ዝም ብሎ ይከፋኛል። ምክንያት የለውም፣ ካለውም ክረምቱ ነው፣ ጎንደር ሰኔ አጋማሹን ሲያልፍ ደመናው ቤት ጣራ ላይ ወርዶ ይቀመጥና ሰው ሁሉ ከሰዓት በኋላውን ጭቃ ሲያይ ይውላል። ከላብራቶሪ ስወጣ ቤት መግባት አስጠላኝና ታላቅ እህቴ እትዬ ጋ ለቡና ጎራ አልኩ። ፊቴን አይታ ምንም አልጠየቀችኝም፣ ቆሎውን ገፋ አድርጋልኝ ከሰሏን ማራገብ ቀጠለች። እሷን የምወዳት ለዚህ ነው።

የቤቱ ልጅ ፈተና ደርሶበታል፣ ባዮሎጂውን ዘርግቶ ተቀምጧል፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ደግሞ አይቀርም፣ ሁለቱን ደብተር ባንድ ቦርሳ ይዞ የሚዞር ልጅ ነው። ድንገት ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ ነው አይደል? ማክሰኞ የበቀለው ሳር ታዲያ ፎቶሲንተሲሱን በምን ሰራ?» አለኝ። ደስ አለኝ እንዴት እንዳለኝ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ረጅም ነገር ልጀምር ስል እትዬ ከከሰሉ ቀና እንኳን ሳትል «በብርሃን ነዋ! ብርሃን እሑድ ተፈጥሮ የለ እንዴ!» አለችው። በቃ። ልጁ ሳቀ፣ እኔም ጉሮሮዬን የጠረግኩበትን ሳል አስመሰልኩት፣ ሁለተኛው ሳይቀዳ ወሬው ወደ ሽንኩርት ዋጋ ሄደ።

እትዬ ይቺን ከአባዬ ነው የወሰደቻት። አባዬ ማታ ማታ ሥነ ፍጥረትን በጣቱ እየቆጠረ ያስጠናን ነበር፣ እሑድ ስምንት፣ ሰኞ አንድ፣ ማክሰኞ ሶስት፣ ረቡዕ ሶስት፣ ሐሙስ ሶስት፣ አርብ አራት፣ ድምሩ ሃያ ሁለት። የእሑድ ስምንቱ እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃ፣ መሬት፣ ጨለማ፣ ሰባቱ ሰማያት፣ መላእክት፣ ብርሃን። የሰኞው ጠፈር ብቻ ነው፣ ሰኞ አንድ ነገር ብቻ መሰራቱ ለኔ እስካሁን ትልቅ መጽናኛ ነው፣ አለቃዬ ግን መጽሐፈ ኩፋሌን ያነበበ አይመስለኝም። ቁጥሩ ኩፋሌ ላይ አለ፣ ሃያ ሁለት ሥራ፣ ከአዳም እስከ ያዕቆብ ደግሞ ሃያ ሁለት አበው። መጽሐፉ ደግሞ ዛሬ በዓለም ላይ ሙሉውን የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፣ ይሄንን ሳስብ ትንሽ እኮራለሁ፣ ምን አድርጌ እንደምኮራ ባላውቅም።

ቤት ገብቼ መብራት የለም። ጋደም ብዬ አራቱ ባሕርያት መጡብኝ፣ የሰው ሥጋ ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት ነው የሚለው። እና ካምፓስ ሳለን የተማርነው የሚለር ሙከራ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1952 (ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ቺካጎ ላይ ስታንሊ ሚለር የሚባል ተማሪ ከፕሮፌሰሩ ከሃሮልድ ዩሪ ጋር ሆኖ ሚቴን፣ አሞኒያና ሃይድሮጂን በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ዘጋ፣ ከስር ውሃ አፈላ፣ በመሃል መብረቅ ይሁንልኝ ብሎ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ለቀቀበት፣ ከቀናት በኋላ ውሃው ቀለሙን ለውጦ አሚኖ አሲድ ተገኘበት። የሰውነታችን ፕሮቲን የሚሰራበት እሱ ማለት ነው። ውጤቱ በ1953 ታተመ።

እንግዲህ ቁጠሩልኝ። ብልጭታው እሳት ነው። ጋዙ ነፋስ። ውሃው ውሃ። መሬትስ? መሬት የለም። አንዷ ጎደለችኝና እንቅልፌ ጠፋ፣ ስልኬን አውጥቼ በዛች በቀረችኝ ዳታ መፈለግ ጀመርኩ፣ እና አገኘሁት እላችኋለሁ! በ2021 ተመራማሪዎች ያንኑ ሙከራ አንዴ በቴፍሎን ዕቃ አንዴ በብርጭቆ ደገሙት፣ በቴፍሎኑ የተገኘው ጥቂት ነው፣ በብርጭቆው ብዙ ዓይነት ወጣ፣ ለካ ፈሳሹ የብርጭቆውን ግድግዳ እየበላ ሲሊካ ያሟሟ ነበር። ብርጭቆ ከምንድነው የሚሰራው? ከአሸዋ! መሬት መጀመሪያውኑ እዛው ነበረች፣ ዕቃው ራሱ ነች። ጨለማ ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ መሰለኝ፣ የጎረቤት ውሻ መለሰልኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስጽፈው አፍራለሁ ግን ልጻፈው። ሚለር በመጀመሪያው ጽሑፉ አምስት አሚኖ አሲድ ነበር ያሳወቀው። በ2007 ሲሞት የድሮ ናሙናዎቹ በካርቶን ተቀምጠው ተገኙ፣ ተማሪው የነበረው ጄፍሪ ባዳና ባልደረቦቹ በዘመኑ መሣሪያ መረመሯቸው፣ በተለይ እንደ እሳተ ገሞራ እንፋሎት ከሚረጨው ዕቃ የወጣውን። በ2008 ያሳወቁት ስንት ነው? ሃያ ሁለት። ተነስቼ ተቀመጥኩ። ሚለር ሙከራውን ሲሰራ ዕድሜው ስንት ነበር? የተወለደው ማርች 1930 ነው፣ 22። በሕያዋን ውስጥ ፕሮቲን ውስጥ የሚገቡት አሚኖ አሲዶችስ? ሃያው የታወቁት ናቸው፣ ብርቅ የሆኑትን ሁለቱን ስትጨምር ሃያ ሁለት። አባዬ በጣቱ ሲቆጥር ታየኝና ሆዴ ባባ።

ኬሚስቱ ጓደኛዬ ቢሰማኝ የሚለኝን አውቀዋለሁ። አንደኛ የጥንቱ አየር በሚቴንና በአሞኒያ የተሞላ ነበር የሚለውን ዛሬ ብዙዎቹ አይቀበሉትም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን ይበዛው ነበር ይላሉ። ሁለተኛ አሚኖ አሲድ ሕይወት አይደለም፣ ድንጋይና ኖራ ተከምሮ አይተህ የፋሲል ግንብ ተሰራ ትላለህ ወይ ይለኛል። እውነቱን ነው። ከዛ ክምር ተነስቶ ራሱን የሚያባዛ ሴል ላይ እስካሁን በላብራቶሪ የደረሰ ሰው የለም። ዳሎል ሄደህ እይ ይለኛል ደግሞ፣ ሙቀቱ አለ ማዕድኑ አለ ውሃው አለ፣ በ2019 አንዱ ቡድን ጥቃቅን ሕያዋን አገኘሁ ሲል ሌላው እዛ ጨውና አሲድ ውስጥ ሕይወት የለም አለ፣ ሁለቱም ባንድ ዓመት። ዳርዊንም ቢሆን በ1859 መጽሐፉ የጻፈው ዝርያ ከዝርያ እንዴት እንደሚመጣ እንጂ የመጀመሪያው ከየት እንደመጣ አይደለም፣ ይሄን ለልጁ መንገር ነበረብኝ፣ ስለ ሽንኩርት ስናወራ አለፈኝ።

ግን አባዬም ቢሰማኝ አይደሰትም ነበር። ምክንያቱም አራቱ የሥጋ ናቸው፣ የነፍስ ሶስቱ ይቀራሉ፣ ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት። ማሰቡ፣ መናገሩ፣ ሕያው መሆኑ። ጠቡ ያለው አራቱ ላይ ሳይሆን ሶስቱ ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ ሌሊቱን በሙሉ አራቱን ስገጣጥም። ሰው በስልክ ስለ ሳይንስና ሃይማኖት ሲሰዳደብ ሳይ የሚገርመኝም እሱ ነው፣ አንዱ የሌላውን አላነበበም። ይቺ ከተማ እኮ ክርክር አዲሷ አይደለም፣ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ቅባት ጸጋ ካራ እየተባለ ነገሥታቱ ፊት ስንት ጉባኤ ተቆመ፣ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ እስኪቋጭ ድረስ፣ እነዛ ሊቃውንት ግን የተቃዋሚያቸውን ጥቅስ በቃላቸው ይወጡት ነበር። (ተቋጨ ስል የቅባት ሰዎች ጎጃም ላይ አልቋጩትም፣ እሱን ሌላ ቀን።)

እና ለምንድነው የምገጣጥመው? ምናልባት አባዬንና ላብራቶሪዬን ባንድ ገበታ ላስቀምጣቸው ፈልጌ ይሆናል። ይሄን ፈልጎ የተገሰጸ ሰው ደግሞ አለ፣ ያውም ፓፓ። ዩኒቨርስ ከአንድ ነጥብ ተነስቶ ሰፋ የሚለውን ሃሳብ ያመጣው ጆርጅ ለሜትር የቤልጂየም ካቶሊክ ቄስ ነበር፣ በ1951 ፓፓ ፒዮስ 12ኛ ይሄ ሳይንስ «ብርሃን ይሁን» የሚለውን ይመሰክራል ብለው ሲናገሩ ቄሱ ጭራሽ ደስ አላለውም፣ የኔ ንድፈ ሃሳብ ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ ነው፣ አታጋጥሙት ባይ ነበር። እምነቱን የያዘ፣ ስሌቱንም የያዘ ሰው፣ ግን ገመድ አላሰረባቸውም። ይሄን አንብቤ ተረጋጋሁ፣ በቃ ተኛ አንተ ሰውዬ አልኩ ራሴን።

ከመተኛቴ በፊት ፓፓው የተናገሩበትን ቀን ላየው ብዬ። ኖቬምበር 22።

ይሁን፣ የነሱ አቆጣጠር ነው፣ በኛ ሌላ ነው ብዬ በጣቴ ቆጠርኩ። 1944 ዓ.ም. ነው፣ ያን ዓመት መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው፣ ስለዚህ ኖቬምበር 22 ማለት ኅዳር 12። ኅዳር ሚካኤል! አታጋጥሙ የሚለውን ታሪክ እያነበበ የሚያጋጥም ከኔ ሌላ ካለ ይምጣ።

ለእትዬ ልደውል አሰብኩ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው፣ ሰው የሞተ ይመስላታል። ለኬሚስቱ ቴክስት ጻፍኩና ሳልልክ አጠፋሁት። ይስቅብኛል ብዬ መስሏችሁ እንዳይሆን፣ እሱም እኮ የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኛ ነው፣ ቢያምነኝስ?