ሄሮይን ካቆሙ በኋላ ያሉት ሳምንታት

የሄሮይን ሱሰኛ ሲያቆም የሚያሠቃየው ትውከት፣ ተቅማጥና ቁርጥማት በአብዛኛው በአንድ ሳምንት ገደማ ይበርዳል። ቤተሰብ ያኔ «ተመስገን፣ ዳነ» ይላል። ለሞት በእጅጉ የሚጋለጠው ግን ከዚያ ወዲህ ነው።

ሄሮይን አንጎል ውስጥ ሙ የተባሉትን የኦፒዮይድ (የሄሮይንና የሞርፊን ዓይነት ዕፆች) ተቀባዮች ይይዛል። በዚህም ከደስታ ስሜት ጋር የተያያዘው ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል ይጎርፋል፤ ትንፋሽን የሚመራው የአንጎል ግንድ ደግሞ ይዳከማል። ሲደጋገም ተቀባዮቹ ስለሚደነዝዙ ሰውየው መጠን ይጨምራል፤ ትንፋሹም በተወሰነ ደረጃ ይላመዳል። ሲያቆም ይህ መላመድ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። አምሮቱ ግን አይጠፋም፤ ሲወስድበት የነበረው ሰፈር ወይም የመርፌ እይታ ከወራት በኋላም ይቀሰቅሰዋል። ከማገገሚያ ወይም ከእስር ቤት በወጣ ማግስት የድሮውን መጠን ከወሰደ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል።

ስለዚህ ሕክምናው ከሰውነት ዕፁን ማስወጣት ብቻ ሊሆን አይገባም፤ የሚቀጥል መድኃኒት ያስፈልጋል። «አንዱን ሱስ በሌላ መተካት ነው» የሚሉትን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሜታዶን የተባለው ለረጅም ሰዓት የሚሠራ የኦፒዮይድ መድኃኒት በቀን አንዴ ተወስዶ ያለ ስካርና ያለ ሕመም ያውላል፤ ሰው ሥራውንና ልጆቹን መልሶ የሚይዘው እንዲህ ሲረጋጋ ነው። የሚጀመረው በአብዛኛው ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ነው። ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ስለሆነ መጠኑ ባይጨመርም በየቀኑ ይጠራቀማል፤ በመጀመሪያው ሳምንት መቸኮል የሚገድለውም በዚህ ምክንያት ነው። ብዙዎች ከ60 እስከ 120 ሚሊግራም ላይ ይረጋጋሉ።

ሌላው መድኃኒት ቡፕረኖርፊን ተቀባዩን በከፊል ብቻ ስለሚቀሰቅስ ለትንፋሽ የተሻለ ነው። ሆኖም ቶሎ ከተጀመረ ሄሮይኑን ከተቀባዩ ገፍቶ ያስወጣና ከባድ ሕመም ያስነሳል። ከሄሮይን በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከሜታዶን በኋላ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ይጠበቃል፤ የማቆም ሕመሙ መጀመሩን የሚያሳዩት ማዛጋት፣ የዓይን ብሌን መስፋትና ላብ መታየት አለባቸው። ከዚያ ከ2 እስከ 4 ሚሊግራም ምላስ ሥር ተቀምጦ እስኪሟሟ ይቆያል። ከተዋጠ አብዛኛው ጉበት ላይ ይባክናል።

ኦፒዮይድን ከተቀባዩ አስለቅቆ ትንፋሽን የሚመልሰው መድኃኒት ናሎክሶን ቤት ውስጥ ይኑር። ሰውየው ካልነቃና ትንፋሹ ከዘገየ አምቡላንስ ይጠራ፤ 4 ሚሊግራም በአንድ አፍንጫው ይረጭ፤ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ለውጥ ከሌለ በሌላኛው ይደገም። የናሎክሶን ኃይል ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ውስጥ ሲያልቅ ዕፁ ገና ደሙ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል፣ ቢነቃም ብቻውን እንዲተኛ አይተው።