የእማሆይ ጽዋ

ዛሬ በ27 የመድኃኔ ዓለም ወርኃዊ በዓል ስለሆነ፣ እዚህ ደሴ ከቅዳሴ በኋላ የማኅበራችን ጠበል ጸዲቅ ሲቀመስ፣ ሥጋ ደዌ ጣቶቻቸውን የወሰደባቸው አንድ አባት እንደ ወትሮው በሩ ሥር ተቀምጠው ነበር። ዳቦውን ከሩቅ እናቀብላቸዋለን፤ ጠላውን በያዙት የፕላስቲክ ጠርሙስ እንገለብጥላቸዋለን።

አንዲት እማሆይ ግን ከመካከላችን ተነሥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። ዳቦውን ቆርሰው በሁለቱ መዳፎቻቸው መካከል አስያዟቸው፤ ከማኅበሩ ጽዋ ካጠጧቸው በኋላም አፉን በነጠላቸው ሳይጠርጉ የተረፈውን ራሳቸው ጠጡት። ግቢው ለአፍታ ጸጥ አለ።

ከከተማችን ብዙም በማይርቀው በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማን ለብዙ ዓመታት ታክመዋል። በሽታው እንደ ዓይነቱ በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል፤ የጠፋ ጣት ግን ተመልሶ ስለማይበቅል፣ የዳነውን ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንደ ታማሚ እንሸሸዋለን። ጌታ ለምጻሙን የፈወሰው እጁን ዘርግቶ ዳስሶት መሆኑን (ማር. 1፥41) ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማን እኛው ነን፤ ይህ በእውነት ያሳዝነኛል።

ስወጣ ጎንበስ ብዬ በሩ ሥር ለተቀመጡት አባት እጄን ዘረጋሁላቸው። እርሳቸው ግን ከልማድ የተነሣ የራሳቸውን ወደ ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁት።