ስም ያልተጠራው ዝርዝር

ዛሬ ከሰዓት ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ጄ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሳጠና አመሸሁ። ኬኔት አይቨርሰንና ሮጀር ሁዪ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጡት ነው። አማካይ ማስላት እንዲህ ይጻፋል፦

(+/ % #) 2 4 9

መልሱ 5። ሉፕ (ትእዛዝን ደጋግሞ ማስኬጃ) የለ፣ ተለዋዋጭ (እሴት የሚይዝ ስም) የለ! / መደመርን ራሱን ተቀብሎ በቁጥሮቹ ሁሉ መካከል ያስገባዋል፤ ፈንክሽን (ግብዓት ተቀብሎ ውጤት የሚሰጥ ስሌት) ተቀብሎ አዲስ ፈንክሽን ይሰጣል ማለት ነው። +/ ብቻውን ሲሆን በ + ፈንታ >. ብታስገቡ ደግሞ ትልቁን ቁጥር ያወጣል። # ይቆጥራል፣ % ያካፍላል። ሦስቱ (+/፣ % እና #) ጎን ለጎን ሲቆሙ ግራና ቀኙ ያንኑ የቁጥር ዝርዝር ለየብቻ ይሠሩበታል፣ መሃለኛው ውጤታቸውን ያገናኛል። ዝርዝሩ ግን የትም በስም አልተጠራም። ይህ ነው ልቤን የወሰደው።

ሲረዝም ማንበቡ ይከብዳል፣ እውነት ነው። ቢሆንም ጀማሪዎች ከሉፕ በፊት ይህን ቢያዩ እወዳለሁ። እዚህ ሐዋሳ ጄን ወይም ቀዳሚውን ቋንቋ ኤፒኤልን የሞከራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ አብረን እንቀመጥ።