የኤምጂቢን ሞተር ሲያድሱ

ሞተሩ ሳይፈታ ፒስተን ማዘዝ ለእኔ ገንዘብ መበተን ነው። ስፖርት መኪናው ኤምጂቢ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 እንግሊዝ አገር አቢንግደን ሲመረት ሞተሩ ያው 1798 ሲሲ ሆኖ ስለቆየ «ሁሉም አንድ ነው» የሚል አይጠፋም። አንድ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ኮሎ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) የሚዞረው በሦስት ብሮንዚኒ (ዘንጉ የሚያርፍባቸው ለስላሳ መቀመጫዎች) ላይ ነው፤ ከ1964 መጨረሻ ወዲህ ግን በአምስት። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ብሎኩ ላይ ያለውን የሞተር ቁጥር ማንበብ ነው።

ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) ከወረደ በኋላ ሲሊንደሩ አፍ ላይ ጥፍርን መጎተት ብዙ ይናገራል። ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) የማይደርስበት ጠርዝ አይበላም፤ ጥፍር የሚይዝ ደረጃ ካለ ከሥሩ ያለው ግድግዳ ተበልቷል ማለት ነው። ልኩን ግን ጥፍር አይሰጥም። አዲሱ ስፋት 80.26 ሚሊሜትር ነው፤ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ይለካ። አብዝቶ የሚበላው ከደረጃው ዝቅ ብሎ ያለው ቦታ ነው፤ እዚያ ሙቀቱ ይበረታል፣ ዘይቱ ይሳሳል። ቶርኖ ቤቱ ሲሊንደሩን በ0.020 ይሁን በ0.040 ኢንች እንደሚያሰፋው ከወሰነ በኋላ ፒስተን ይታዘዛል። ብረቱ የሚቆረጠውም ፒስተኑ መጥቶ ከተለካ ወዲያ ነው። ኮሎውም እንደዚያው፦ ተሞርዶ ልኩ ሳይታወቅ ብሮንዚኒ አይገዛም።

የ2ኛና የ3ኛ ሲሊንደር ጭስ በአንድ ቀዳዳ ስለሚወጣ የቴስታታው መሃል ክፉኛ ይግላል። ስንጥቅ የሚፈለገው እዚያ ነው። እርሳስ በሌለው ቤንዚን ለሚነዳ መኪና የጭስ ቫልቮላ መቀመጫዎቹ በጠንካራ ብረት ይተኩ፤ አለዚያ ቫልቮላው እየሰመጠ ይሄድና በእሱና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት ይጠፋል።

ብዙ አዲስ ሞተር የሚሞተው በቆሻሻ ነው። ከቶርኖ ቤት የመጣ ብሎክ የዘይት መተላለፊያዎቹ ቡሽ ወልቆ በረጅም ብሩሽና በሙቅ የሳሙና ውሃ ይታጠብ፣ በአየር ይነፋ፣ ወዲያው ዘይት ይቀባ። የኮሎው ቀዳዳዎችም አይረሱ። ውስጥ የቀረ የሞረድ ብናኝ መጀመሪያ የሚያገኘው ብሮንዚኒውን ነው።

ፋሻ ብቻውን ሲሊንደር ውስጥ ይግባና በፒስተን ተገፍቶ ይስተካከል፤ የጫፎቹ ክፍተት ከ0.30 ሚሊሜትር እንዳያንስ። ካነሰ ሲግል ጫፎቹ ይገናኙና ወይ ይሰበራል ወይ ግድግዳውን ይቧጭራል። የመሃሉ ኮሎ መቀመጫ ላይ የሚገቡት ግማሽ ራንዴላዎች ቦይ ያለው ፊታቸው ወደ ኮሎው ይዙር። ማጥበቂያው ለኮሎ መያዣ 70 ፓውንድ-ፉት፣ ለቢዬላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ) ከ35 እስከ 40፣ ለቴስታታ ከ45 እስከ 50፤ የቴስታታው ከመሃል ወደ ዳር፣ ደረጃ በደረጃ።

የቫልቮላ ክፍተት 0.015 ኢንች ነው፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ። ስምንቱን ቫልቮላ ለማስተካከል የሁለቱ ቁጥር ድምር ዘጠኝ መሆኑን መያዝ ይበቃል፦ 8ኛው ሙሉ ሲከፈት 1ኛው ይስተካከላል፣ 6ኛው ሲከፈት 3ኛው።

ከማስነሳት በፊት ካንዴላዎቹ ወልቀው፣ የዘይት ግፊት ጌጁ ላይ እስኪታይ ሞተሩ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ይዙር። ካምሻፍቱ (ቫልቮላዎቹን የሚያስከፍተው ዘንግ) አዲስ ከሆነ ዚንክ ያለው 20ደብልዩ50 ዘይት ይፈልጋል። እንደተነሳ በሚኒሞ (በዝቅተኛው ዙር) እንዲሠራ መተው የለበትም፤ 20 ደቂቃ ያህል ከ2000 እስከ 2500 ዙር ላይ ይያዝ። በሚኒሞ ካምሻፍቱ ላይ የሚረጨው ዘይት ትንሽ ነው፣ አዲሱ ካም የሚበላውም ያኔ ነው። ሞተሩ ሞቆ ሲቀዘቅዝ የቴስታታው ዳዶዎች እንደገና ይጠበቁ። ቴስታታው ከሥሩ ያለውን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተጭኖ ትንሽ ስለሚወርድ የቫልቮላ ክፍተቱ ይጠባል፤ ስለዚህ ስምንቱም ዳግመኛ ይለኩ።