ደብረ ማርቆስ ላይ በአፈር ብሎኬት ያሠራሁት ሱቅ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አዲስ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ለመሥራት ስነሳ፣ ግድግዳውን በተለመደው ብሎኬት ፈንታ ጥቂት ሲሚንቶ ተቀላቅሎበት በእጅ ማሽን በተጨመቀ የአፈር ብሎኬት ለማስገንባት ወሰንሁ። ያነሳሳኝ የሲሚንቶ ዋጋ ብቻ አልነበረም፤ ሲሚንቶ ሲመረት ጥሬ ዕቃው እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል፣ ሸክላ ጡብም ማገዶ ይፈጃል፣ የተጨመቀ አፈር ግን እሳት ሳያይ ይጠነክራል።

ሥራውን የሰጠሁት ቀድሞ ብሎኬት ያቀርቡልኝ ለነበሩ ወጣቶች ሲሆን፣ ያሰማራኋቸውም ያለ ቀብድ ነበር። ጥፋቴ ከዚያ ይጀምራል። ቆፍረው ያመጡት አፈር ጭቃነቱ የበዛ ስለነበረና ምርቱም ፀሐይ ላይ ስለተሰጣ፣ የመጀመሪያው ዙር በሦስተኛው ቀን እንደ በጋ መረሬ ተሰነጣጠቀ። እኔም የተሰነጠቀ አልረከብም አልሁ። አንደኛው፣ «ጋሼ፣ ማሽኑን የተከራየነው እኮ እርስዎ ባሉን ነው» ሲለኝ ግን መልስ አጣሁ።

የኪሳራውን እኩሌታ ከፍዬ እንደገና ጀመርን። ርዝመቱ 60፣ ወርዱና ጥልቀቱ አራት አራት ሳንቲሜትር የሆነ የእንጨት ሳጥን አሠርተን፣ እርጥብ አፈር ሞልተን ጥላ ውስጥ ለሰባት ቀን አደረቅነው። የፊተኛው አፈር ከአምስት ሳንቲሜትር በላይ ተኮማተረ፤ አሸዋ የተጨመረበት ግን ሁለት ያህል ብቻ። ከዚያ ወዲህ ብሎኬቱ በጆንያ ተሸፍኖ፣ ውሃ እየጠጣ፣ አራት ሳምንት ይቆይ ነበር። ለእኔ ጥራት የሆነው ያ አራት ሳምንት ለአቅራቢው የታሰረ ገንዘብ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። አጥሩን ሳሠራ ገና ከአፈር ፍተሻው በፊት ቀብድ ከፈልሁ፣ የመጀመሪያው ዙር ብልሽትም የጋራችን እንዲሆን ውሉ ላይ አስገባሁ።

የጎጃም ክረምት ግድግዳውን እንዳይበላው መሠረቱን በድንጋይ ከፍ አድርጌ የጣሪያውን ክፈፍ አስረዘምሁ፤ በዚህስ አልተጸጸትሁም። ለመብራት ብዬ ጣሪያው ላይ ባስገባሁት ብርሃን አሳላፊ ቆርቆሮ ግን ሌላ አቅራቢ አስቀየምሁ። የዘይት አከፋፋዩ ፀሐይ ሲመታው የሰነበተ ዘይት ሽታው ስለሚለወጥ አልመልስም አለ፤ እውነቱን ነበር። ዘይቱን ወደ ጨለማው ጥግ አዛውሬ፣ ከብርሃኑ ሥር ጀበናና ምጣድ ደረደርሁ።