ያልተመዘገቡት ውሾች

ባሌ ውስጥ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ አንድ ክረምት ለውሻ ክትባት ወጣን። ዓላማችን ቀይ ቀበሮን ማዳን ነበር። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር በዓለም ላይ የትም የለም። በሕይወት ያሉት አዋቂዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ባሌ ተራሮች ላይ ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ከገባባቸው ደግሞ መንጋ አያስተርፍም። እ.ኤ.አ. በ2003 እዚያው ባሌ ያለው ወብ ሸለቆ ገብቶ፣ በዚያ ከነበሩት ከ4ቱ 3ቱን ገደማ ፈጅቷል። የሚያመጣባቸው ውሻ ነው። ስለዚህ ውሻውን መከተብ ግድ ነው።

ቀበሌው ሜዳ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ከተብን። ሰዉ በደንብ ተባበረን። ልጆች ውሾቻቸውን በገመድ እየጎተቱ መጡ፤ የተከተበው ግንባሩ ላይ ቀለም እየተቀባ ተመለሰ። መዝገባችን ሞላ። ሥራው እንዳማረልን እርግጠኛ ነበርኩ።

ዕቃ ስንሰበስብ አንዲት እናት ቡና ጠጥታችሁ ካልሄዳችሁ አሉን። ገባን። ሲኒውን እያቀበሉኝ፣

«ልጄ፣ እነዚህ የወጋችኋቸው እኮ ቤት የቀሩት ናቸው» አሉ። «ከከብቶቹ ጋር የወጡትስ?»

«ወዴት የወጡት እማማ?»

በአገጫቸው ወደ ተራራው አሳዩኝ።

ክረምት ላይ ታች ያለው መሬት እህል ስለሚዘራበት ከብቱ ለግጦሽ ወደ ላይ ይወጣል። ጎዳንቱ ይሉታል። ከከብቱ ጋር እረኛው፣ ከእረኛው ጋር ውሻው ይሄዳል። ጅብ ስላለ የሚወጣው ጉልበተኛው ውሻ ነው። የሚያድረውም ቀይ ቀበሮው ፍልፈል የሚያድንበት ሜዳ ላይ ነው። እኛ ሁለት ቀን የደከምነው ከቀበሮው ጋር ጨርሶ ለማይገናኙት ነበር።

ቡናው አልወርድ አለኝ። «ሁለቱንም ቀን ሜዳው ላይ አይቼዎታለሁ፤ ምነው ሳይነግሩን?» አልኳቸው።

«መች ጠየቃችሁን? ውሻ ያለው ያምጣ አላችሁ፤ ያለው አመጣ።»

እውነታቸውን ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ለእሳቸው የቀበሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ላምም ይገድላል፣ ልጅም ይገድላል። እኛ ግን ለነዋሪው ያዘጋጀነው ንግግር እንጂ ጥያቄ አልነበረንም። በእኛ ሥራ «ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ ማስጨበጥ» የሚባል ነገር አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባባሉ ይከነክነኛል። ዕውቀቱ ከእኛ ወደ እነሱ ብቻ የሚሄድ ያስመስለዋል።

በማግስቱ ወደ ከተማ መመለሳችንን ትተን ሽማግሌዎቹን ሰበሰብን። ንግግር አላደረግንም። የማን ከብት የት እንዳለ፣ ስንት ውሻ አብሮ እንደወጣ ጠየቅን። እነሱ ሲናገሩ እኛ ጻፍን። ከዚያ የክትባት ሳጥኑን ፈረስ ላይ ጭነን ወጣን።

መጀመሪያ የደረስንበት ሰፈር አንድ አሥራ አንድ ዓመት የሚሆነው ልጅ ነበር። ውሻው ከእሱ ይገዝፋል፤ አንድ ጆሮው ተቦጭቋል። ጅብ ነው አለን። ልጁ በጉልበቱ ተንበርክኮ የውሻውን አንገት አቀፈ፣ በመዳፉ ዓይኑን ሸፈነለት፣ ጆሮው ስር የሆነ ነገር አንሾካሸከ። መርፌውን ስወጋው ውሻው አልተነቃነቀም። ካርዱን ስሰጠው በፌስታል ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

ስለ ቀበሮው ጠየቅነው። «ጄዳላ ፈርዳ ነው የምንለው» አለ። የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ባዝራ ልትወልድ ስትል የእንግዴ ልጁን ለመብላት ከኋላ ከኋላዋ ስለሚሄድ ነው። እሱ ራሱ አይቷል። ባዝራዋ የቆመችበትን፣ ቀበሮው የተኛበትን ቦታ እያሳየ ነገረን።

መዝገቡን ዘግቼ ስነሳ፣

«ከወንዙ ማዶ አራት ውሻ አለ» አለኝ። «አንዱ ባለቤት የለውም። ለእኔ ካልሆነ ለማንም አይያዝም።»

ከብቶቹን ለታላቅ ወንድሙ አደራ ብሎ ከፊታችን መንገድ ጀመረ።